ከግድግዳው በኩል የጠፉት መብራቶች

ርብ ማዶ በተባለው የሩዝ ገበሬዎች ዩኒየን ግቢ ስርቆት ተፈጸመ ተብሎ ወረታ ፖሊስ ጣቢያ የተደወለው በሁዳዴ አጋማሽ፣ አንድ ሰኞ ጧት ነው። ኢንስፔክተር ሰውመሆን እቦታው ደርሶ ሲያይ ግን ተሰረቀ የተባለው ዕቃ እቦታው ቁጭ ብሏል። በሥራ ዘመኑ በሬ የጠፋበት፣ የውሃ ፓምፕ የጠፋበት፣ እንዲያውም ቤቱ ላይ የተመታ ቆርቆሮ ሳይቀር የጠፋበት ሰው አይቷል። ያልጠፋ ዕቃ የጠፋበት ሰው ሲያይ ግን ይህ የመጀመሪያው ነበር።

«አልገባዎትም» አለ የዩኒየኑ ሥራ አስኪያጅ አቶ ዓለምነህ፣ ግንባሩን በመሐረብ እየጠራረገ። «ዕቃው አለ። ግን የኛ ዕቃ አይደለም። አዲሱን ወስደው አሮጌ ተክተውልናል።»

የቆሙት ከሩዝ መጋዘኑ ጋር በአንድ ግድግዳ በተያያዘች፣ መስኮት በሌላት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ሰርቨር ክፍል ይሏታል። ግድግዳው ጥግ የብረት ቁም ሣጥን አለ፤ በቁም ሣጥኑ ውስጥ ስዊች የሚባል ጠፍጣፋ ሣጥን። ከሚዛኑ፣ ከወፍጮው፣ ከዋናው በርና ከጽሕፈት ቤቱ የሚመጣው መስመር ሁሉ የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው። ፊቱ ላይ በረድፍ የተደረደሩ ቀዳዳዎች አሉ፤ ከየቀዳዳው በላይ ደግሞ የምስር ፍሬ የምታህል መብራት አለች። ደኅና ቀን ሁሉም አረንጓዴ ሆነው እርግብ እርግብ ይላሉ። ያን ቀን አንዷም አልበራችም። ሚዛኑ ከጽሕፈት ቤቱ ጋር መነጋገር ስላቃተው ሩዝ የጫኑ ገበሬዎች ከበር እስከ አስፋልቱ ተሰልፈው ያጉረመርማሉ።

አቶ ዓለምነህ ከአንዱ ቀዳዳ አውራ ጣት የምታህል ብረት መዘዘ። «ይኸ ትራንሲቨር ይባላል። ጀርባውን ይዩት።»

በጀርባው የተደረደሩት ቀጫጭን ጥርሶች ጠቁረው፣ ዳር ዳሩን አረንጓዴ ዝገት ጀምሯቸዋል። ከመሳቢያው ደግሞ በላስቲክ የታሸገ ሌላ አወጣ። የዚህኛው ጥርሶች እንደ ሙሽራ ቀለበት ያብረቀርቃሉ።

«ይኸ ለመጠባበቂያ ካስቀመጥናቸው አንዱ ነው። ሁሉንም የገዛነው በአንድ ቀን፣ ከአንድ ሱቅ ነው። ፎቶውን ባሕር ዳር ላለ ባለሙያ ላክሁለት፤ 'ይኸ ጥቁሩ ቢያንስ ዐሥር ዓመት ያገለገለ ነው' አለኝ። የኛ ከተገዛ ዓመት አልሞላውም። ታዲያ ሰው አይደለም የለወጠው?»

«ቁልፉ በማን እጅ ነው?»

«በሁለት ሰው እጅ ብቻ። አንደኛዋ ቴክኒሻናችን ጽጌሬዳ ናት። ሁለተኛው የጥበቃ ሠራተኛችን ቄስ ገብረ ኪዳን ናቸው። እሳቸው እንኳ...» ብሎ ተወው። ቄስ ይሰርቃል ብሎ ለመናገር አፉ እምቢ አለው።

ኢንስፔክተሩ ክፍሉን ዞር ዞር ብሎ አየ። የተሰበረ ነገር የለም። ጠረኑ ግን ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይላል። አንዱ የጾም ወጡን እዚህ ይዞ ገብቶ ይሆናል አለ በልቡ፤ ሆዱም ይህን ሰምቶ ጮኸ። ያ ሆድ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ምንም እንደማይገባለት እያወቀ በየጧቱ መሟገቱን አይተውም።

በሩ ላይ ጋቢ የለበሱ፣ ጥምጥማቸው የነጣ ሽማግሌ ቆመዋል። ሰውመሆን ባርኔጣውን አውልቆ ጎንበስ አለ። «ይፍቱኝ አባቴ።»

«እግዚአብሔር ይፍታህ ልጄ» አሉ ቄስ ገብረ ኪዳን። እጃቸው ግን ከጋቢው አልወጣም። ሰውመሆን መስቀሉ ግንባሩን እስኪነካው ጎንበስ ብሎ ቆየ፣ ቆየ፣ ምንም የለም። ቀና ሲል ቄሱ መሬት መሬት ያያሉ።

ፎገራ ላይ ቄስ ልብሱን ይረሳል እንጂ የእጅ መስቀሉን አይረሳም። ኢንስፔክተሩ ይህችን ነገር ልቡ ውስጥ አስቀመጣት።

ጽጌሬዳ ተጠርጥራ ጣቢያ ስትገባ አላለቀሰችም። ያለቀሰው ልጇ ነው። ጥርስ ማውጣት የጀመረ፣ ያገኘውን ሁሉ የሚያኝክ ወንድ ልጅ ነው። አማቷ እማማ ደብሬ አቅፈውት በር ላይ ቁጭ ብለዋል፤ ሊጠባ ሲል ያስገቡታል፣ ሲጠግብ ይወስዱታል። ተረኛዋ ሳጅን ሰገን ይህን ባየች ቁጥር ፊቷን ታዞራለች።

«እስቲ ለማያውቅ ሰው አስረጂኝ» አላት ሰውመሆን። «ይኸ ብረት ምን ይሠራል?»

«ከስዊቹ የሚመጣለትን ኤሌክትሪክ ወደ ብርሃን ይለውጥና በመስታወት ክር ይልከዋል። ከወዲያ ጫፍ ያለው ጓደኛው ደግሞ ብርሃኑን ተቀብሎ መልሶ ኤሌክትሪክ ያደርገዋል። ሁለቱ ከተግባቡ ከላይ ያለችው መብራት አረንጓዴ ትሆናለች። ካልተግባቡ ትጠፋለች።»

«እንደ ባልና ሚስት በይኛ።»

«እነዚህስ ሲጣሉ መብራት ያጠፋሉ፤ ሽማግሌ አይጠሩም።» ፈገግ ልትል ብላ ተወችው። «ኢንስፔክተር፣ ጥርሱ መጥቆሩን ለአቶ ዓለምነህ የነገርኩት እኮ እኔው ነኝ። የሰረቅሁትን ነገር ራሴ እጠቁማለሁ?»

«ቀድሞ የጮኸ ሌባ አይቼ አውቃለሁ። መቼ ነው የጀመረው?»

«ሁዳዴ ሲገባ። መጀመሪያ ከግድግዳው በኩል ያለችው መብራት ቢጫ ሆነች፣ ከዚያ ጠፋች። አቧራ መስሎኝ አውጥቼ ጠርጌ መለስሁ። ቀጥሎ ጎረቤቷ ጠፋች። ከዚያ ሦስተኛዋ። እንዲያ እያለች ተራ በተራ።»

«ተራ በተራ? አንድም ሳትዘል?»

«አንድም ሳትዘል።»

ሰውመሆን አገጩን አሸት አሸት አደረገ። ሌባ ቸኩሎ መዝረፉ ያባት ነው፤ በየሳምንቱ እየተመላለሰ፣ ከግድግዳው ጀምሮ በተራ የሚሰርቅ ሌባ ግን አላጋጠመውም። ወረፋ የሚጠብቅ ሌባ በወረታ የለም፤ ወረፋ የሚጠብቅ ደኅና ሰውም ጥቂት ነው።

«መስመሩስ በየት ይገባል?»

«በመጋዘኑ ውስጥ አልፎ ነው። አቋራጩ እሱ ስለሆነ ግድግዳውን ያስበሳሁት እኔ ነኝ። ምነው?»

«እንዲያው ነው» አለ። እውነትም እንዲያው ነበር፤ ያን ጊዜ ከቀዳዳ ይልቅ ሰው ነበር የሚፈልገው።

ሰውዬውን ያገኘችው ሳጅን ሰገን ናት። መናኸሪያው አጠገብ የስልክና የኮምፒውተር ዕቃ የሚሸጥ ያየህ የሚባል ልጅ አለ፤ ከጽጌሬዳ ጋር በአንድ ኮሌጅ የተማረ። መስታወት ሣጥኑ ውስጥ አንድ ትራንሲቨር ተቀምጧል፤ ጥርሱ ያበራል።

«ይህን ከየት አመጣኸው?» አለው ሰውመሆን።

ያየህ ደነገጠ። «ገዝቼ ነዋ።»

«ከማን?»

«ሐሙሲት ካለ ሰው።»

«ሰውየው ስም የለውም?»

«ስም አለው፤ እኔ ነኝ የማላውቀው» አለ ያየህ፣ ሣጥኑን ለመዝጋት እየተጣደፈ።

ሰገን ዓይኗ በራ። ዕቃውን በወረቀት ጠቅልለው ጣቢያ ወሰዱት። ሰውመሆንም ደስ ብሎት ጽጌሬዳ ፊት አኖረው፣ ይልቁንም ፊቷን ለማየት። ጽጌሬዳ አንስታ አገላበጠችው፤ ከታሰረች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜም ከት ብላ ሳቀች።

«ይኸ እኮ ሁለት አፍንጫ አለው! የኛ ባለ አንድ ነው። በአንድ ክር ይልካል፣ በዚያው ይቀበላል። ይኸኛው ለመላኪያ አንድ፣ ለመቀበያ አንድ ክር ይፈልጋል። የኛ ግቢ ውስጥ አይሠራም፣ ሠርቶም አያውቅ።»

ከዩኒየኑ የመጣውን ጥቁሩን አምጥተው አስተያዩ። እውነቷን ነው፤ የዩኒየኑ አንድ ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው። ያየህ የደነገጠው ለካ ያለ ደረሰኝ ስለሚነግድ ኖሯል።

«ላም ባልዋለበት ኩበት ስንለቅም ዋልን» አለ ሰውመሆን ለሰገን። በር ላይ ልጁ ያለቅሳል።

የጣቢያው አዛዥ ግን ትዕግሥቱ አልቋል። ገበሬው ከዩኒየኑ በር ተነሥቶ ወረዳው በር ላይ ተሰልፎበታል። «ነገ ከሰዓት ወደ ደብረ ታቦር መኪና አለ» አለው። «ልጅቱንም ፋይሉንም በዚያ ላካቸው። ከዚያ በኋላ የዞኑ ጉዳይ ነው።»

«የሚጠባ ልጅ አላት።»

«እናቱ ከመስረቋ በፊት ታስብበት ነበራ።»

ሰውመሆን ሲወጣ እማማ ደብሬ ብድግ አሉ። ምንም አልጠየቁትም፤ ልጁን ወደ እሱ ዞር አድርገው ያዙትና አዩት። ከስድብ ይልቅ ይህ አቃጠለው። እውነቱን ለመናገር በልቡ ልጅቱ እንዳልሰረቀች አምኗል፤ ግን ልብ ማስረጃ አይሆንም፣ ለዐቃቤ ሕግም አይላክም።

ያን ቀን ከሰዓት ተመልሶ ወደ ግቢው ሄደ። የመጋዘኑ ኃላፊ አንለይ በር ላይ ቆሞ አገኘው። ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ሳይጠየቅ የሚመልስ ሰው ነው። የመጋዘኑ በር ዙሪያው በሙሉ በእበትና በጭቃ ተመርጓል፤ መስኮቶቹም እንዲሁ። ጣት የሚያስገባ ክፍተት የለም።

«ይኸ ምንድን ነው?»

«የአባቴ ሙያ ነዋ» አለ አንለይ ደረቱን ነፍቶ። «የአያልነህን ጎተራ በዚህ አገር የማያውቅ የለም። እህል አስገብቶ እንዲህ ይመርገውና እስከ ክረምት ነቀዝ ዝር አይልበትም። ሩዙ ለጊዜው አይፈለግም፣ ስለዚህ መረግሁት።»

«ሰርቨር ክፍሉ ገብተህ ታውቃለህ?»

«ቁልፍ የለኝ፣ ሙያ የለኝ፣ ምን ልሠራ ብየ ገብቸ?» አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ አንበሳሜ ገበያ እንደሚውል፣ ሌላውን ቀን ሁሉ ከመጋዘኑ በር እንደማይርቅ ነገረው። ዘበኞቹም፣ አቶ ዓለምነህም ይህንኑ አጸኑለት። ነገሩ የተመረገ በር ሆነበት።

የቀሩት ቄሱ ናቸው። ሰርቨር ክፍሉ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጠው ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው አገኛቸው። ፊታቸው አመድ መስሏል። ሲያዩት አንድ እጃቸው ወዲያው ጋቢው ውስጥ ገባ።

«አመመዎት እንዴ አባቴ?»

«ጾሙ ነው ልጄ። እርጅናም አለ። ራሴን ይወቅረኛል፣ ያቅለሸልሸኛል።»

«እዚህ ነው የሚያድሩት?»

«ድሮስ በር ላይ ነበርሁ። የመጀመሪያዋ መብራት ስትጠፋ ጊዜ አቶ ዓለምነህ 'ሌባ እንዳይገባ ውስጥ ሁነው ይጠብቁ' ብሎ አስገባኝ።»

«ታዲያ እርስዎ ውስጥ እያሉ ነው ቀሪዎቹ የጠፉት?»

«እኔ እያየሁ ነው የጠፉት» አሉ ቀስ ብለው። «ለጸሎት ስነሣ አያቸው ነበር። ዛሬ አንዷ፣ ሰንብቶ ደግሞ ጎረቤቷ። ሰው አልገባም። እጄም አልነካ።»

«በጋቢዎ ውስጥ የያዙት ምንድን ነው?»

ቄሱ ጋቢያቸውን አጠበቁ። «ያንተ ነገር አይደለም፤ የእኔና የፈጣሪየ ነው።»

እዚህ ላይ ሰውመሆን ሊፈትሻቸው ይችል ነበር። ሕጉ ይፈቅድለታል። እጁ ግን የእናቱን የንስሐ አባት ዕድሜ ያለውን ሽማግሌ ደረት መዳበስ እምቢ አለው። ብልሃት ያለው መስሎት ሌላ ነገር አደረገ፤ እስከ ነገ እቦታቸው ቢያቆያቸው የደበቁትን ማውጫ ያጣሉ ብሎ አሰበ።

«እንግዲያው ከዚህ ክፍል ንቅንቅ እንዳይሉ» አላቸው። «በሩንም ዘግተው ይቀመጡ። ጧት እመለሳለሁ።»

ቄሱ አንገታቸውን ደፉ። ሰውመሆን እስከዚያ ቀን ገርበብ ብሎ የሚያድረውን በር ራሱ ገጠም አድርጎ ወጣ። ይህችን በር የገጠመባትን እጁን ኋላ ብዙ ጊዜ አያት።

ጧት ሲመለስ ወንበሩ ባዶ ነው። ዘበኛው «ወደ መድኃኔዓለም ሲሄዱ አየኋቸው፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ» አለው።

ሰውመሆን አገኘሁ አለ በልቡ። ሰገንን አስከትሎ በሽንኩርት ማሳው ዳር እየተጣደፈ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄደ። ከቅጥሩ በስተጀርባ፣ ከቧንቧው አጠገብ፣ ቄስ ገብረ ኪዳን ተንበርክከው አንድ ነገር በአመድና በሎሚ ይፈትጋሉ። በኃይል ነው የሚፈትጉት። ፈትገው ያዩታል፤ አይተው ደግሞ ይፈትጋሉ።

«አባቴ፣ በእጅዎ ያለውን ያምጡት» አለ ሰውመሆን።

ሽማግሌው ደነገጡ፤ ዕቃው ከእጃቸው ወድቆ ድንጋዩ ላይ ጮኸ። ሰገን አነሣችውና ቀጥ ብላ ቀረች። የእጅ መስቀል ነው። የነሐስ መስቀል። ግን እንደ ምጣድ ቂጥ ጠቁሯል፤ ሐረጉ መካከል መካከሉን አረንጓዴ ሆኗል።

ቄሱ አለቀሱ። «አይተኸው የለ? እንግዲህ ተናገር። ዐርባ ዓመት የባረክሁበት መስቀል በእጄ ላይ ጠቆረብኝ። ኃጢአቴ ነው።»

«ምን ኃጢአት?»

«ጾም ገደፍሁ። ሆዴን እያጥወለወለኝ፣ ራሴ እየዞረብኝ፣ ሰው ፊት እንዳልወድቅ ብየ ከሰዓቱ በፊት ውሃ ጠጣሁ፣ ቆሎም ቀመስሁ። አንድ ቀን አይደለም፣ ስንት ቀን። ከዚያ መስቀሌ መጥቆር ጀመረ። በዚህ መስቀል ማንን ላሳልም? ደብቄው ከረምሁ።»

ሰውመሆን መስቀሉን ተቀበለ። ከኪሱ ጥቁሩን ትራንሲቨር አውጥቶ ከጎኑ አኖረው። ጥቁረታቸው አንድ ነው። የአረንጓዴው ዝገት መልኩ ሳይቀር አንድ ነው።

«መስቀሉን የት ነው የሚያኖሩት?»

«ከእኔ መቼ ይለያል? እዚያው ክፍል፣ ከራስጌየ።»

«እርስዎ ከመግደፍዎ በፊት ነው ሕመሙ የመጣው፣ ወይስ በኋላ?»

ቄሱ አሰቡ። «ከሕመሙ ነው እንጂ የገደፍሁት።»

«ነጭ ሽንኩርት በልተዋል?»

«ምን?»

«ክፍሉ ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። የእርስዎ ምሳ መስሎኝ ነበር።»

«እኔ ነጭ ሽንኩርት አልወድም። የሌላ ሰው ወጥ ይመስለኝ ነበር» አሉ ቄሱ፣ እንባቸውን በጋቢያቸው እየጠረጉ።

ሰውመሆን ሁለቱን ጥቁር ነገሮች ጎን ለጎን ይዞ አሰበ። መስቀል ማንም አልለወጠም፤ የቄስን የእጅ መስቀል ሰርቆ ያው መልክ ያለው ጥቁር መስቀል የሚተካ ሌባ ከየትም አይመጣም። መስቀሉ ያው መስቀል ከሆነ ብረቶቹም ያው ብረቶች ናቸው። እዚያ ክፍል ውስጥ ነሐስንም ወርቅንም፣ ሰውንም የሚበላ ነገር አለ። ከግድግዳው በኩል ነው የሚመጣው፤ ቅርብ ያለውን አስቀድሞ፣ ሩቅ ያለውን አስከትሎ፣ አንድም ሳይዘል። ከግድግዳው ወዲያ ደግሞ እንደ ጎተራ የተመረገ መጋዘን አለ።

«ሰገን» አለ፣ መስቀሉን ኪሱ እየከተተ። «እኚህን ሰው ወደዚያ ክፍል እንዳትመልሻቸው። ደጅ፣ አየር ላይ ይቀመጡ። እኔ አንለይ ዘንድ ነኝ።»

አንለይ መጀመሪያ ካደ። ቀጥሎ ተቆጣ። ሰውመሆን መስቀሉን አውጥቶ ሲያሳየውና ቄሱ ራስ ምታት እንደያዛቸው ሲነግረው ግን መጋዘኑ በር ላይ ቁጭ አለ።

«የነቀዝ ክኒን ነው» አለ። «አንበሳሜ ገበያ ገዝቸ ነው።»

«ስንት ጊዜ ከተትህ?»

«ሁዳዴ ከገባ ወዲህ በየሳምንቱ። ነቀዙ አልሞት አለኝ። ክኒኑ አየር ሲያገኝ ይተናል፤ ትነቱ ነው የሚገድለው። እንዳያመልጥ ብየ መረግሁት። በሩን መረግሁ፣ መስኮቱን መረግሁ፣ ጣሪያውን ሳይቀር ደፈንሁ!»

«ለምን ለባለሙያ አልነገርህም? ለአቶ ዓለምነህስ?»

አንለይ መሬቱን አየ። «የአያልነህ ልጅ እህል ነቀዘ ይባልልኝ? አባቴ በዚህ አገር ስሙ የሚነሣው በጎተራው ነው። ሥራውንም የሰጡኝ በእሱ ስም ነው።»

«የመስመሩን ቀዳዳ ግን አልመረግኸውም።»

«የምን ቀዳዳ?»

እውነቱን ነበር። የአባቱ ጎተራ የመስታወት ክር አይገባበትም፤ ቀዳዳ መኖሩ በሕልሙም አልመጣም። ጽጌሬዳ ግድግዳውን ያስበሳችው መጋዘኑ ባዶ ሳለ ነው። ከዚያ ሩዙ ገብቶ ጆንያ በጆንያ ላይ ሲቆለል ቀዳዳው ተሸፈነና ተረሳ። አንለይ ያን ያህል አጥብቆ በመረገ ቁጥር ትነቱ መውጫ ያጣል፤ ያለችው አንዲት መውጫ ወደ ቄሱ ራስጌ የምትወስደው ናት።

ሰውመሆን ለወረዳው እርሻ ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ደወለ። ነገሩን ተናግሮ ሳይጨርስ ባለሙያው አቋረጠው። «ሰው አለ እዚያ ክፍል ውስጥ?»

«ነበረ። አሁን ውጭ ነው።»

«እግዜር አወጣው በሉኛ። መዳቡንም፣ ነሐሱንም፣ ወርቁንም ይበላል፤ የኤሌክትሪክ ዕቃ አጠገቡ አይቀመጥም። ሰው ደግሞ በሩ ተዘግቶ ቢያድርበት ሬሳው ነው የሚወጣው። ማንም እንዳይገባ፤ መጥቻለሁ።»

ሰውመሆን ስልኩን ከጆሮው አንሥቶ እጁን አየ። በሩን የገጠመው ይህ እጅ ነው። ንቅንቅ እንዳይሉ ያለውም ይህ አፍ ነው። ሽማግሌው ትዕዛዙን አክብረው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ጧት ምን ያገኝ እንደነበር አሰበ። ያዳናቸው ኃጢአታቸውን ለማጠብ መቸኮላቸው ነው፤ ያውም ያልሠሩትን ኃጢአት።

ባለሙያው መጣ፣ አፉንና አፍንጫውን ሸፍኖ ምርጉን አስፈረሰ፣ በሩንና መስኮቱን ከፈተ። መጋዘኑ ተናፍሶ ሲያልቅ ጆንያውን አንሥተው አዩት፤ ጽጌሬዳ ከጣቢያ ሆና ባመለከተችው ቦታ ክሩ ያለፈበት ቀዳዳ አለ፤ ቀጥታ ወደ ሰርቨር ክፍሉ ይወጣል።

የደብረ ታቦሩ መኪና ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቃል። ሰውመሆን ፋይሉን ከሾፌሩ እጅ ቀማ ማለት ይቻላል፤ ወደ አዛዡ ቢሮ ገባና መስቀሉንና ብረቱን ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አኖራቸው። አዛዡ ብዙ አላስወራውም። ሁለቱን ነገሮች ጥቂት አገላብጦ ካየ በኋላ «መኪናው ባዶውን ይሂድ» አለ።

ጽጌሬዳ ስትወጣ እማማ ደብሬ በእልልታ ሊያቀልጡት ቃጥቷቸው ሁዳዴ መሆኑ ትዝ አላቸውና አፋቸውን በነጠላ ያዙ። ልጁ ግን ስለ ሁዳዴ ምንም አያውቅም፤ እናቱን ሲያይ እየጮኸ ዘለለባት። ሳጅን ሰገን ያን ጊዜ ፊቷን አላዞረችም። እያየች አለቀሰች፣ አላፈረችም።

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አላት ሰውመሆን።

«የተሰረቀ ነገር የለም አይደል?» አለችው። ሌላ ምንም አልጠየቀችም።

«የተሰረቀ የለም።»

ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። እሱም አብሯት ተነፈሰ፤ ከሰኞ ጀምሮ ደረቱ ላይ የተቀመጠ ኩንታል የወረደለት መሰለው።

አንለይ የራሱ ፋይል ተከፍቶለታል፤ በግዴለሽነት ይጠየቃል። ቄሱ ግን ጤና ጣቢያ ተኝተው ሳሉ በመጀመሪያ ያስጠሩት እሱን ነው፤ ይቅር ብለው ሰደዱት፤ «አባትህም እኮ ዘመኑን ሙሉ ነቀዝ እንዲሸሽለት ቄጤማ ሲጎዘጉዝበት ነው የኖረው፤ ነቀዝ የማያውቀው ጎተራ የለም» ብለውም አጽናኑት። አንለይ ይህን ከሰማ ወዲህ ትከሻው ትንሽ ዝቅ ብሏል ይላሉ።

ሳምንት አለፍ ብሎ ሰውመሆን ወደ ግቢው ጎራ አለ። ሥራ አልነበረውም፤ ማየት ፈልጎ ነው። ስዊቹ በአዲስ ተተክቶ ከመጋዘኑ ርቆ ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ገብቷል። ጽጌሬዳ በላስቲክ ታሽገው ከክፉ የተረፉትን ትራንሲቨሮች ይዛ ፊቱ ቆማለች። ልጁን አዝላ ለሥራ አልመች ብሏታል። ኢንስፔክተሩን ስታይ ወዲያው ፈታችውና አስታቀፈችው።

«እኔን ይዘውኝ አልነበር? እንግዲህ ጥቂት ደግሞ እሱን ይያዙልኝ።»

ሰውመሆን እንደ እንቁላል ያዘው። ጽጌሬዳ የመጀመሪያውን ከተተች፤ ትንሽ ቆየና ከላይ ያለችው መብራት አረንጓዴ ሆነች። ሁለተኛውን ከተተች። አቶ ዓለምነህ ከኋላ ቆሞ መሐረቡን ያገላብጣል፤ ይቅርታ ሊል ሦስት ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገና ሦስቴም ተወው።

ያን ጊዜ ቄስ ገብረ ኪዳን ገቡ። ፊታቸው ደም መልሷል። ሰውመሆን ልጁን እንዳቀፈ ጎንበስ አለ። «ይፍቱኝ አባቴ።»

እጃቸው ከጋቢው ወጣ። መስቀሉ ታጥቦ፣ ተወልውሎ፣ ዳግመኛ ተባርኮ ያበራል፤ ከሐረጉ አንድ ጥግ ላይ ግን ጥቁረቱ አለቀቀም። ግንባሩን ነኩት፣ ከንፈሩን ነኩት። ሰውመሆን ዓይኑን ጨፍኖ ተሳለመ፤ ስለዚያች በር ምንም አልተናገረም፣ እሳቸውም አላነሡበትም።

«እግዚአብሔር ይፍታህ ልጄ» አሉ፣ መስቀሉን ትንሽ አቆይተው።

ልጁ ግን ተራውን አልጠበቀም። በሁለት እጁ መስቀሉን ያዘና ድዱን የሚያሳክከውን ነገር ሊያስታግስበት ወደ አፉ አስገባው። ሰውመሆን ደንግጦ ሊነጥቀው ሞከረ።

«ተወው» አሉ ቄሱ እየሳቁ። «እየተሳለመ እኮ ነው።»

ጽጌሬዳ ዞር ብላ አየቻቸው፣ ሳቀች፣ የመጨረሻውን ትራንሲቨር ገፋ አድርጋ አስገባች። ከውጭ፣ ከሚዛኑ በኩል፣ አንድ ገበሬ «ኧረ ሠራ!» ሲል ተሰማ።